ሰማያዊው ማሰሮ በጉባኤ ፊት

የሥዩም ዳትሰን መኪና ከሬንተን ተነስታ የሐይቁን ዳር ይዛ ወደ ሲያትል ስትገሰግስ፣ አጸደ ማሰሮውን በጉልበቶቿ መሃል አጣብቃ ክዳኑን በመዳፏ ተጭናው ነበር። በባሏ የሱፍ ሹራብ ጠቅልላዋለች፤ ከሹራቡ እጅጌ ሥር ነጭና ሰማያዊ ትከሻው ብቻ ይታያል። ግንቦት 1977 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 1985፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። በእሷ በኩል ያለው የዝናብ መጥረጊያ ከተሰበረ ወር ስላለፈው መንገዱ አይታያትም። መኪናዋ ጉድጓድ በገባች ቁጥር ግን ክዳኑ ከማሰሮው አፍ ጋር ሲነካካ ትሰማዋለች፤ በሰማች ቁጥርም ልቧ ስንጥቅ ይላል።

«የሰው ነው ብትዪ ምን አለበት?» አለ ባሏ ሥዩም ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ። «አደራ ነው በይ። አደራ እንደማይሰበር የቤተ ክርስቲያን ሰዎቹም ያውቃሉ። በቃ፣ የሞቱት አሮጊት የእህት ልጅ መጥታ እስክትወስደው ነው ብለሽ ተገላገዪ።»

«የሰጡት ለእኔ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ የሰው ነው ብዬ እንዴት ልዋሽ?»

ሥዩም ማርሽ ቀየረ። ክፉ ሰው አልነበረም። በአውሮፕላን ፋብሪካው ቀለም ክፍል ሲቆም ውሎ ሲመጣ እንኳ ቀድሞ የሚጠይቃት የእሷን ድካም ነው። ነገር ግን የዚያን ዕለት ከሌሎች ሁለት ወጣቶች ጋር ለዲያቆንነት እጅ ሊጫንበት ነበር። ለዚሁ ብሎ ግራጫ ሱፍ ገዝቶ፣ ክራባቱን ሦስት ጊዜ ፈትቶ ሦስት ጊዜ አስሯል። ዘመድ በሌለበት አገር ዘመድ የሆነቻቸው ያቺው የሐበሻ ፕሮቴስታንቶች ቤተ ክርስቲያን ናት። ሲያማቸው የምታስታምም፣ ሥራ ሲፈቱ ሥራ የምታፈላልግ እሷው ናት። ከእሷ መጣላት ምን ማለት እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ።

ነገሩ የተጀመረው ሐሙስ ዕለት ነው። የቤት ለቤት ጸሎቱ ተራ የእነሱ ነበርና ወደ አሥራ አምስት የሚሆኑ ምእመናን በአፓርታማቸው ሳሎን ተሰብስበዋል። ለጉባኤ ከካሊፎርኒያ የተጋበዘው ሰባኪ፣ ወንድም ዓምደ ሚካኤልም አብሮ መጥቷል። ገና ጸሎቱ ሳይጋመስ ሰባኪው ዓይኑን ገለጠና በመስኮቱ ደፍ ላይ የተቀመጠውን ማሰሮ አየ። ተነስቶ ቀረበ፤ ጎንበስ ብሎም ዙሪያውን ተመለከተው። ከዚያ እጁን ሳያስነካ፣ እነዚህ የሌሊት ወፎች ምንድን ናቸው ብሎ ጠየቃት። አጸደም የምታውቀውን ሳትደብቅ ነገረችው፤ ዕቃው የቻይና እንደሆነ፣ ሥዕሎቹ ዳዎ ከሚባለው ሃይማኖታቸው የመጡ እንደሆኑ፣ ክዳኑ ላይ ያሉት ሦስት ሦስት መስመሮችም ሰማይንና ምድርን፣ እሳትንና ውሃን የሚወክሉ ምልክቶች እንደሆኑ። ይሄን ስትል ከሴቶቹ አንዷ ልጇን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች። ወንድም ዓምደ ሚካኤል ጸሎቱን አስቆመ። እሑድ በጉባኤ ፊት ይዘሽው ትመጫለሽ፣ በገዛ እጅሽም ትሰብሪዋለሽ አላት።

ሰውየው ይሄን ያለው ለመታየት ብሎ አልነበረም። እናቱ ለቃልቻ ስትገብር ኖራ፣ ጨሌ እንዳጠለቀች እንደሞተች በየስብከቱ ይናገራል፤ በተናገረ ቁጥርም ያለቅሳል። ከዚያ ዓይነት ቤት ያመለጠ ሰው ምልክት ያለበት ዕቃ ሁሉ እንደ እባብ ቢያስበረግገው አይፈረድበትም። አጸደም አልፈረደችበትም። ብቻ እሱ የሚያየው ማሰሮና እሷ የምታውቀው ማሰሮ አንድ አልነበሩም።

ማሰሮውን የሰጧት ሚስስ ዩን ናቸው። ቻይናታውን ውስጥ፣ ከአንድ የባህል መድኃኒት መሸጫ በላይ ባለች ክፍል የሚኖሩ አሮጊት ነበሩ። አርባ ዓመት በሳልሞን ፋብሪካ ዓሣ ሲበልቱ ጣቶቻቸው ቆልምመው ቀርተዋል። አጸደ ገላቸውን ልታጥብና ልታበላቸው በሳምንት አምስት ቀን ትሄድ ነበር። የሁለቱም እንግሊዝኛ ስብርባሪ ነው፤ ስብርባሪውን እየገጣጠሙ ግን ብዙ አወሩ። ሲያወሩ የአሮጊቷ ቆልማማ ጣት ሁልጊዜ የሚያርፈው ከአልጋቸው አጠገብ በነበረው ማሰሮ ላይ ነው። ሽመላዋ ረጅም ዕድሜ ናት አሏት፤ ኮኩም እንደዚያው። ከጥድ ሥር የበቀለው እንጉዳይ ሞትን ያባርራል። የሌሊት ወፍ ደግሞ በቻይንኛ ስሙ ከበረከት ጋር አንድ ስለሆነ፣ አምስት የሌሊት ወፍ ማለት አምስት በረከት ማለት ነው። አጸደ በአገሯ የሌሊት ወፍ ከአራዊትም ከአዕዋፍም ግብር ስትሸሽ የኖረች ብልጣብልጥ እንደሆነች ስትነግራቸው፣ ሚስስ ዩን ሳል እስኪያፍናቸው ሳቁ።

በማሰሮው ወገብ ዙሪያ ስምንት ዕቃዎች ተሥለዋል፤ ቅል፣ ሰይፍ፣ ማራገቢያ፣ ዋሽንት፣ የአበባ ቅርጫት፣ የሎተስ አበባ፣ የቀርከሃ ከበሮ፣ ማጨብጨቢያ ጣውላ። የስምንት የማይሞቱ ሰዎች ንብረት ናቸው። ሰዎቹ ራሳቸው አልተሣሉም። አንዱ በምርኩዝ የሚሄድ አንካሳ ለማኝ ነው፤ አንዱ ድሮ የጦር አዛዥ ነበር፤ አንዷ ሴት ናት። አንድ ቀን ባሕር ዳርቻ ደረሱ። መርከብ አልፈለጉም። እያንዳንዱ በእጁ የያዘውን ውሃው ላይ ጣለና እዚያው ላይ ቆሞ ተሻገረ።

ሚስስ ዩን ይሄን ተርከው ሲጨርሱ፣ አንቺስ በምን ተሻገርሽ ብለው ጠየቋት። አጸደ የሱዳንን በረሃ አሰበች፣ እስር ቤቱን አሰበች። እንግሊዝኛው አልመጣላትም፤ በአማርኛ «በእንቢታ» አለች። አሮጊቷ ትርጉሙን ባያውቁትም ቃሉ የጣማቸው ይመስል፣ እን-ቢ-ታ እያሉ ደጋገሙት።

ሌላም ነገር ነበር። አጸደ እሳቸው ዘንድ ከመግባቷ በፊት በሲታክ አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ አልጋ ታነጥፍ ነበር። በ1976 ጥቅምት ላይ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ሆና ከባድ ፍራሽ ስትገለብጥ ወገቧን ያዛት፤ በማግስቱ ሴት ልጅ አስወረዳት። የቤተ ክርስቲያን እህቶች ምግብ እያመላለሱ አስታመሟት፤ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው እያሉም አጽናኗት። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩን ማንም አላነሳውም። ሚስስ ዩን በሰሙ ጊዜ የጠየቋት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስሟን ማን ልትዪያት ነበር አሏት። አጸደ ነገረቻቸው። ከዚያ ወዲያ አሮጊቷ በዓመት በዓላቸው ቀን የሙታኖቻቸውን ስም ሲጠሩ የእሷንም ልጅ ስም ከመሃል ይጠሩት ነበር። በ1977 መጋቢት ከመሞታቸው በፊት ማሰሮውን እጇ ላይ አስቀመጡላትና፣ የአንቺ ነው አሏት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጋሽ በዛብህ ብቻቸውን መጡ። የማኅበሩ ዋና ሽማግሌ ናቸው፤ አጸደን ከሱዳን የስደተኛ ሰፈር አውጥተው ለዚህ ያበቋትም እሳቸው ናቸው። ሻይ ቀረበላቸው። ማሰሮውን ላለማየት ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተቀመጡ። ትንሽ ስለ ዝናቡ፣ ትንሽ ስለ ሥዩም ሹመት አወሩ። በመጨረሻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መፍትሔ እንዳገኙ ነገሯት። ቻይናታውን ካሉት መደብሮች ይሄንኑ የሚመስል ርካሽ ማሰሮ መግዛት ይቻላል፤ ጉባኤው ልዩነቱን አያውቅም። ያንን ትሰብራለች፤ ይሄንን ቁም ሣጥን ውስጥ ታስቀምጣለች። ሁሉም ሰላም ያገኛል።

«ይሄ እኮ ውሸት ነው፣ ጋሽ በዛብህ።»

«እጅ የሚያደርገው ሌላ ነው፣ ልጄ። እግዚአብሔር ልብን ያያል።»

አጸደ የሻዩን ብርጭቆ አስቀመጠች። ይሄንን ቃል ከዚሁ አፍ ሰምታዋለች። በ1971 ዓ.ም. ነው፤ አዲስ አበባ፣ በአንድ ቀበሌ ግቢ። ጴንጤዎች ተብለው አሥራ አንድ ሆነው ታስረው ነበር። ካድሬው የጠየቃቸው ትንሽ ነገር ነው፤ ግራ እጅን አንስቶ እግዚአብሔር የለም፣ አብዮቱ ከሁሉ በላይ ነው ማለት። አጸደ እንቢ አለች። ውስጥ እግሯን ተገርፋ ሦስት ሳምንት በዳዴ ሄደች። ያን ሰሞን ጋሽ በዛብህ ለወንዶቹ እስረኞች፣ እጅ ነው የሚነሳው፣ እግዚአብሔር ልብን ያያል ሲሉ በቆርቆሮው ግድግዳ አልፎ ይሰማት ነበር። አንድ ቀን ማለዳ በሚስማር ቀዳዳ አጮልቃ ስታይ፣ በግቢው መሃል ግራ እጃቸውን ሽቅብ አንስተው ቆመዋል። በሳምንቱ ተፈቱ። እሷ ዓመት ከአራት ወር ተቀመጠች። ያየችውን ለማንም አልተናገረችም፤ ለሥዩም እንኳ።

«ይሄንን ቃል አንድ ጊዜ ብለውታል፣» አለች በቀስታ። «ሰምቼዎታለሁ። አይቼዎታለሁም።»

ጋሽ በዛብህ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ከዚያ ባርኔጣቸውን አነሱ፤ ሻዩን ሳይጨርሱ ወጡ።

ማኅበሩ የሚሰበሰበው በሬኒየር ሸለቆ ባለች የአሜሪካኖች ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነው። አሜሪካኖቹ ጠዋት ይጨርሱና ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ለሐበሾቹ ይለቁላቸዋል። ሥዩም መኪናውን አቁሞ፣ የእሷን ዓይን ሳያይ ቀድሟት ገባ፤ ከፊት ለዲያቆናቱ በተዘጋጀው ወንበር ሄዶ ተቀመጠ። አጸደ ማሰሮውን ታቅፋ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። አጠገቧ የነበሩት ሁለት ሴቶች ቀስ ብለው ወንበራቸውን ፈቀቅ አደረጉ።

ከመድረኩ ሥር አንድ ጠረጴዛ ቀርቧል። ሰው ከየቤቱ ያመጣው ተደርድሮበታል፤ ጨሌ፣ በቆዳ የተሰፋ ክታብ፣ ቀለበት፣ የዘፈን ካሴቶች። ከጎናቸው አንድ መዶሻ በነጭ ፎጣ ላይ ተቀምጧል። መዝሙሩ ተዘመረ፣ መባው ተሰበሰበ፣ ወንድም ዓምደ ሚካኤል ስለ እናቱ ተናገረ። ጉባኤው አለቀሰ። አጸደም አለቀሰች፤ ለሴትዮዋ ከልቧ አዝና። ከዚያ ስሟ ተጠራ።

በወንበሮቹ መሃል ስትሄድ የጫማዋ ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። ሹራቡን ፈትታ ማሰሮውን ለሁሉ እንዲታይ በሁለት እጇ ያዘችው። ሰባኪው ሥዕሎቹን አንድ በአንድ እያሳየ ለጉባኤው አስረዳ፤ የሌሊት ወፎቹ የጨለማ መንፈሶች፣ መስመሮቹ የጥንቆላ ፊደል፣ ስምንቱ ዕቃዎች ባለቤቶቻቸው የማይታዩ የስምንት አጋንንት ዙፋን እንደሆኑ ተናገረ። በመጨረሻ ድምፁን አለዝቦ ወደ እሷ ዞረ።

«እህት አጸደ፣ ማኅፀንሽን የዘጋው ይሄ ነው። ልጅሽን የበላው ይሄ ነው። ዛሬ ስበሪውና ነፃ ውጪ።»

ሐሙስ አጸደን የያዛት ንዴት፣ ቅዳሜ የያዛት ሐዘን አሁን አልነበሩም። በዚያ ቀበሌ ግቢ በካድሬው ፊት ስትቆም የነበራት ዓይነት ጸጥታ ነበር ያደረባት።

«ልጄ የሞተችው ይሄ ማሰሮ ቤቴ ከመግባቱ ዓመት ከአምስት ወር ቀድሞ ነው፣» አለች። «የሆቴል ፍራሽ ስገለብጥ ነው የሞተችው። እዚህ ያላችሁ ሴቶች ሁሉ ታውቃላችሁ፤ አስታማችሁኛል። ከዚያ በኋላ ስሟን የጠየቀኝ ሰው አንድ ብቻ ነው። የዚህ ማሰሮ ባለቤት።»

ወንድም ዓምደ ሚካኤል ሊናገር አፉን ሲከፍት አላቆመችም።

«ለዚህ ዕቃ አልሰግድም፣ አላጥንለትም። ረጅም ዕድሜ የተመኘ ሰው የሣለው ሽመላ ነው፤ በረከት የተመኘ ሰው የሣለው ወፍ ነው። ሌላ እምነት የነበራቸው ሰዎች ለሚወዱት ሰው የተመኙት መልካም ምኞት ነው። ምልክት ያለበት ሁሉ የሚሰበር ከሆነ ግን፣» አለችና ወደ መባው ቅርጫት ጎንበስ ብላ ከላይ ያለውን የአንድ ዶላር ኖት አነሳች፤ ገልብጣም ለጉባኤው አሳየች። «እዚህ ላይ ፒራሚድ አለ። ከፒራሚዱ በላይ ዓይን አለ። ማን እንደሣለው፣ ምን ብሎ እንደሣለው እኔ አላውቅም፤ እርስዎም አያውቁም። እኛ ግን አሁን ለእግዚአብሔር ብለን ሰጠነው። ይሄንን የሚቀድድ ካለ ይቅደድና እኔም ማሰሮውን እሰብራለሁ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ። ኖቱን በቦታው መለሰችው። ሰባኪው ፊቱ ቀልቶ፣ መታዘዝ ከመሥዋዕት እንደሚበልጥ፣ የማትታዘዝ ከሆነም ከማኅበሩ ኅብረት እንደምትለይ ነገራት። ትሰብሪያለሽ ወይስ አትሰብሪም ብሎም ጠየቃት።

«አልሰብርም።»

ሰባኪው ወደ ጋሽ በዛብህ ዞረ። የማኅበሩ አባት እርስዎ ነዎት፣ እርስዎ ይስበሩት አላቸው። ጋሽ በዛብህ ከመቀመጫቸው ተነሱ፤ ወደ ጠረጴዛው ሄደው መዶሻውን አነሱ። አጸደ ባሏን አየችው። ሥዩም ጫማውን እያየ ነበር። ቀና አላለም።

ጋሽ በዛብህ ፊት ለፊቷ መጥተው ቆሙ። ማሰሮውን ወደ ደረቷ አልሳበችውም፤ ወደ ፊት ዘረጋችላቸው እንጂ። ከፈለጉ ይስበሩት አለቻቸው፤ እኔ ግን አልሰብረውም፣ ሳልሰብርም ሰበርኩ አልልም። ሽማግሌው የሚፈሩት ሌላ ነገር እንደነበር ዓይናቸው ላይ አየች፤ ቅዳሜ ያለችውን አሁን በሰው ፊት ልትደግመው እንደሆነ ይጠብቁ ነበር። እሷ ግን ለመናገር ፈጽሞ አላሰበችም። ስድስት ዓመት ሊሞላው ለተቃረበ ምስጢር አሁን መክፈቻው አይደለም። ማሰሮውን እንደዘረጋች ጠበቀቻቸው።

መዶሻው ከፍ አለ። ክንዳቸው ከትከሻቸው በላይ ደርሶ ቆመ። ክንዱ ግን ለመምታት አልወረደም። ከዚያ በቀስታ ዝቅ አለ፤ ጋሽ በዛብህም መዶሻውን ፎጣው ላይ መለሱት።

«አልችልም፣» አሉ። ወደ ጉባኤው ዞሩ። «በሰባ አንድ ዓ.ም. አብረን ታስረን ነበር። እሷ እጇን አላነሳችም፤ እኔ አነሳሁ። ተገርፋ በዳዴ ስትሄድ እኔ ወጣሁ። ይሄን ሁሉ ዘመን ታውቅ ነበር፤ አንድ ቀን አልተናገረችብኝም። እኔ እጄን አንድ ጊዜ ሰው ፈርቼ አንስቻለሁ። ዛሬ ደግሞ ሰው ፈርቼ አላነሳም።»

ይሄን ብለው ሄደው ተቀመጡ። ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ።

ወንድም ዓምደ ሚካኤል አጭር ጸሎት አድርሶ ጉባኤውን አሰናበተ። የዲያቆናቱ ሹመት ለሌላ ቀን ተላለፈ። ጨሌውና ክታቡም ሳይሰበሩ ጠረጴዛው ላይ ቀሩ። አጸደ ማሰሮውን ታቅፋ ወደ በሩ ስትሄድ አንዲት እናት እጅጌዋን ይዘው አቆሟት፤ ይቺ ወፍ ምን ማለት ናት ብለው በሹክሹክታ ጠየቋት። ነገረቻቸው። ሌላዋም ቀረበች፤ ከዚያ ሦስተኛዋ። ሐሙስ ልጇን ወደ ራሷ የሳበችው ሴት ግን ልጇን አንስታ ወጣች፤ እሷን የተከተሉም ብዙዎች ነበሩ።

ወደ ሬንተን ተመለሱ። ደጃቸው ሲደርሱ ሥዩም ማሰሮውን ተቀብሏት ደረጃውን ወጣ፤ በመስኮቱ ደፍ ላይም አስቀመጠው። ከዚያ ይቅርታ ጠየቃት። አጸደ ወዲያው እሺ አላለችውም። እያየሁህ ጫማህን ታይ ነበር አለችው፤ እሱም አዎ አለ።

በሳምንቱ ውስጥ ስልኩ ብዙ ጊዜ ጮኸ። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ጋሽ በዛብህን ከኃላፊነት አነሷቸው፤ እሳቸውም አልተሟገቱም። ሰባት ቤተሰብ ተለይቶ ቡሪየን በምትባል አጎራባች ከተማ ሌላ ማኅበር ጀመረ። አጸደን በተመለከተ የተወሰነው፣ ንስሐ እስክትገባ ድረስ ከቅዱስ ቁርባን እንድትከለከልና ወደ ጉባኤው ባትመጣ እንደሚመረጥ ነው። ይሄንኑ ደውሎ የነገራት ወጣት ሲንተባተብ ሰምታ፣ አይዞህ ገብቶኛል አለችው።

እሑድ ቀድማ ደረሰች። ምድር ቤቱ ገና ባዶ ነበር። ሁልጊዜ ከምትቀመጥበት ከኋላው ረድፍ አልተቀመጠችም፤ ከፊተኛው ረድፍ መሃል ያለውን ወንበር መርጣ ቦርሳዋን ከሥሩ አደረገች። ሰው እየመጣ ሞላ። በስተግራዋም በስተቀኟም ያሉት ወንበሮች ግን ማንም ሳይነካቸው ቀሩ። ሥዩም መኪናው ውስጥ ቆይቶ ዘግይቶ ገባ። በሩ አጠገብ ጥቂት ቆመ፤ ከኋላ ሰዎች ቦታ እየለቀቁ በእጃቸው ጠሩት። በዚያ ሁሉ ዓይን መሃል አልፎ መጣና አጠገቧ ተቀመጠ። ኮቱን አውልቆ ጭኑ ላይ አጣጠፈው።

መዝሙሩ ተጀመረ። ማንም ተነስታችሁ ውጡ አላላቸውም። ቢሏቸውም አይነሱም ነበር።